ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

መስከረም 14 ቀን 1974

አሥራ አንድ በሽተኛ። ሰባቱ ወባ፣ ሁለቱ ማጭድ የቆረጣቸው፣ ሁለቱ «ሸረሪት ሸናብኝ»። እንደ ወትሮው።

ባለመስኮቷ ሸረሪት አሮጌውን ድሯን በልታ ንጋት ላይ አዲስ ሠርታለች። ከትናንቱ በአንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ። ለምን ዝቅ አደረገችው? ትናንት ከሰዓት ነፋስ ነበር... ምናልባት እሱ ይሆናል። ከበሩ በላይ ያለው ዘላይ ሸረሪት ዛሬም አየኝ። ወደ ግራ ስሄድ ወደ ግራ ይዞራል፣ ወደ ቀኝ ስሄድ ወደ ቀኝ። በዚህ እርሻ ላይ እኔን ከልቡ የሚያየኝ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለው በዚህ የሰሊጥ እርሻ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ብቸኛው ድሬሰር እኔ። ከጎንደር ስመጣ ሸረሪት ለኔ መጥረጊያ የሚነሣባት ነገር ነበረች። ቆዳው ላይ ውኃ የቋጠረ ሰው ሁሉ እሷን ሲከስብኝ ጊዜ፣ እስቲ ልያት ብዬ ጀመርኩ። አሁን አሥራ ስምንት ዓይነት ደርሻለሁ። መጽሐፍ የለኝም፤ ስም የማወጣው ራሴ ነኝ። መሐል ድሯ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠውን ወፍራሟን «ሊቀመንበር» ብያት ነበር። ሰርዤዋለሁ። ደብተርም ይነበባል። አሁን ቁጥር 4 ናት።

መስከረም 16

አንድ የወሎ ልጅ አንገቱ መግል ይዞ መጣ። መጀመሪያ ውኃ የቋጠረች ትንሽ ነገር ነበረች አለ። ከዚያ በጋለ ወስፌ ተኮሱት።

«ማን ነው የተኮሰህ?»

«አያ አዛናው።»

እንደገና አያ አዛናው። ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ሳሉግ፣ የቀን ሠራተኛ ናቸው። ለአጨዳ በየዓመቱ ይወርዳሉ፤ ከሳሉጎቹ ሁሉ በክብር እሳቸውን የሚያህል የለም። ሸረሪት የሸናችበትን ሰው በሙሉ ይተኩሳሉ። ለነፍሳቸው ነው የሚሠሩት። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

መስከረም 19

ወደ ማሳው ወረድኩ። በሰሊጡ መሐል ቁጥር 7 በዝታለች፤ ያቺ ባለቢጫ መስመር፣ ድሯ መሐል ነጭ ጥልፍ የምትጠልፈው። አንበጣ ሲገባባት አየሁ። አልቸኮለችም። ጠቀለለችው፣ ጠቀለለችው... ነከሰችው፣ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

አያ አዛናውን ነዶ ሲያስሩ አገኘኋቸው። ቁጭ አልኩ።

«አያ፣ ሸረሪት ስትሸና በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?»

ማሰሪያውን በጥርሳቸው አጠበቁ። «አንቱስ፣ ሳትሸና ስታድር አይተው ያውቃሉ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መስከረም 21

ሹፌሩ ሷሊህ ከገንዳ ውሃ ከተማ ነዳጅ ይዞ መጣ። እናቱ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ናት። በወተት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ረጅም፣ ጸጉራም፣ ሯጭ ነገር አመጣልኝ። «አቡ ሸበት እንላታለን» አለ። ሸረሪት አይደለችም፣ ወገቧ ሌላ ነው፣ አፏ ሌላ ነው ብዬ አስረዳሁት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ሐኪም፣ አንተ ስም ታወጣለህ እንጂ አትጠይቅም» አለኝና ሄደ።

ምን ማለቱ ነው?

መስከረም 23

የሳሉጎቹን ዳሶች ዞርኩ። ማታ ፋኖስ የሚሰቀልበት ዳስ ውስጥ ውኃ የቋጠረባቸው ስድስት ሰዎች አሉ። ፋኖስ የሌለበት ዳስ ውስጥ አንድም የለም። ሸረሪት ግን በሁለቱም ዳስ እኩል ናት። ፋኖሱ ሥር ያለው መሬት ላይ አንድ ቀጭን ነገር ሞልቷል። ጉንዳን ይመስላል፣ ጉንዳን አይደለም። ቀይ፣ ጥቁር፣ እንደገና ቀይ፤ እንደ ቀለበት። ባለቀለበቱ ልበለው። አንገት ላይ ሲሄድ ሰው በእጁ ጨፍልቆ ይተኛል... ጠዋት ቆዳው ያብጣል። እሱ ቢሆንስ?

መስከረም 24

አዲስ! ሂላ ሥር አገኘኋት። ሂላ ማለት ነዶው እንዲደርቅ ተደጋግፎ የሚቆምበት ክምር ነው። ጥቁር ናት፣ ታብረቀርቃለች፣ ሆዷ እንደ አተር ክብ፣ ከበስተኋላዋ ቀይ ነጠብጣብ አላት። ድሯ ሥርዓት የለውም፤ ግን ጠንካራ ነው፣ በጣት ሲስቡት ድምፅ ይሰጣል። ስነካው ሸሸች። ዓይን አፋር ናት።

ቁጥር 19። አላወቅኳትም። ጎንደር ላሉት መምህሬ ጽፌ መጠየቅ አለብኝ።

መስከረም 26

ጠዋት ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ለሳሉጎቹ የምታበስለው የሻረግ የቀኝ ዓይኗ ቆብ ላይ ውኃ ቋጥሮ ዓይኗ ተደፍኗል። የሳንጃ ልጅ ናት፣ ቆፍጣና። ስደርስ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠዋታል። ሁለት ሰዎች ራሷን ይዘዋል። አያ አዛናው ወስፌውን እያጋሉ ነው።

እጃቸውን ያዝኩ። ሽማግሌ ሰው እጅ በሰው ፊት ያዝኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን ዓይኗን ብቻ ነበር የማየው።

«እስከ ዓርብ ስጡኝ» አልኩ።

«ዓይኗ ቢጠፋስ?» አሉ አያ አዛናው።

«የኔን ያውጡ።»

የሻረግ በደህናው ዓይኗ አየችኝ። «የኔ ዓይን ነው እኮ» አለች። «እናንተ ትከራከራላችሁ። እኔን የጠየቀኝ የለም።»

ጠየቅኋት። ወደ ክሊኒኩ መጣች። በሳሙና አጠብኩት፣ የዓይን ቅባት አደረግሁ። በቃ። ሌላ ምን አለኝ?

መስከረም 27

ግራ ክንዴ ላይ ቁጥር 2፣ ቁጥር 4 እና ቁጥር 7ን በየተራ በብርጭቆ ደፍቼ አስቀመጥኩ። ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ቀኝ ክንዴ ላይ ከፋኖሱ ሥር ያመጣሁትን ባለቀለበቱን ጨፈለቅሁ። እግዜር ያውቃል፣ ፈራሁ። ለክንዴ አይደለም። የየሻረግ እብጠት ዛሬ ብሷል።

መስከረም 28

ቀኝ ክንዴ ይቃጠላል! ቀይ መስመር፣ ጫፉ ላይ ውኃ። ግራው ንጹሕ ነው። ደስታዬን ለማን ልንገር? ለዘላዩ ነገርኩት። ዞሮ አየኝ።

መስከረም 29፣ ዓርብ

የሻረግ ዓይኗን ገለጠች። «አንተ ያን ያህል ቀጭን ነህ እንዴ?» አለችኝ። በሁለት ዓይኗ ስታየኝ ማለቷ ነው።

ወደ ዳሱ ይዣት ሄድኩ። ክንዶቼን ለአያ አዛናው አሳየኋቸው። ይህ ሸረሪት የሄደችበት ነው፣ ይህ ደግሞ ፋኖስ ሥር ያለውን ባለቀለበቱን የጨፈለቅሁበት። ብዙ ቆይተው አዩ። ቀኝ ክንዴን በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው በከንቱ ነው ያቃጠልኩት?» አሉ።

ወስፌያቸውን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ። «አንተ ዘንድ ይቀመጥ፣ ልጄ።» አንቱ ማለታቸውን ተዉ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እጀታው ከመያዝ ብዛት ተልጧል።

ጥቅምት 3

አያ አዛናው በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ። በክብሪት ቀፎ ሸረሪት ይዘው። ዛሬ ያመጡት ሸርጣን መሳይ ነው፣ ወደ ጎን የሚሄድ፣ ቢጫ አበባ ላይ ቢጫ የሚሆን። ቁጥር 21!

«በየዳሱ እየነገርኩ ነው» አሉ። «ያለ ጥፋቷ ስሟን አጥፍተን ኖርን። ሰውም ቢሆን እንዲህ ይበደላል።»

አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኳቸው። አይግደሏት፣ አይጨፍልቋት፤ ከነሕይወቷ ያምጡልኝ። ቀፎ አልቆባቸዋል። ነገ አመጣልዎታለሁ አልኩ።

ዛሬ የተተኮሰ ሰው አልመጣም። አምስተኛ ቀኑ። ሥራዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

ጥቅምት 8፣ እሑድ

ጠቅላላ ስብሰባ። ካድሬው ጓድ ደሞዝ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ከፈተ። እኔ ደግሞ ስንት ወር ሙሉ ሳያት... ሁለቱን አንድ ድር ላይ ብታኖራቸው አንዷ ሌላዋን ትበላታለች። ከንፈሬን ነክሼ ቻልኩት።

ከዚያ እኔን አስነሣኝ። «ጓድ ፈረደ በሳይንስ አጉል እምነትን ድል ስላደረገበት መንገድ ያስረዳናል።» አራት መቶ ሰው ይሆናል። ክንዴን አሳየሁ። ስለ ባለቀለበቱ ነገርኩ፣ ፋኖሱን ከመኝታ አርቁ፣ ቢያርፍባችሁ እፍ በሉት እንጂ አትጨፍልቁት አልኩ። ይህ ልክ ነው። እዚህ ላይ ብቀመጥ ኖሮ...

ጭብጨባው ሞቀኝ። «ሸረሪት ሰውን አትጎዳም» አልኩ። «በእጃችሁ ብትይዟት እንኳ ምንም አታደርጋችሁም!» አያ አዛናው ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

አሁን ሳስበው፣ ቁጥር 19ን አላውቃትም። ለመምህሬም አልጻፍኩም። እንግዲህ ከሃያ አንድ አንዷ ናት... ነገ እጽፋለሁ። ለአያም ቀፎ እወስዳለሁ።

ጥቅምት 11

ወባ። ሠላሳ አራት ሰው። ክሎሮኪን እያለቀ ነው። ምንም አላየሁም፣ ምንም አልጻፍኩም። ድካም።

ጥቅምት 13

አያ አዛናው ተነከሱ።

በሥርዓት ልጻፈው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው፣ በግራው ሆዳቸውን ደግፈው በበሩ ገቡ። ላባቸው ይንጠባጠባል። ሂላ ሥር ነዶ ሲያነሡ ጣታቸውን ወጋቻቸው። አይተው ያዟት። ቀፎ አልነበራቸውም። ቀፎውን አመጣለሁ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ጨብጠው መጡ። የግማሽ ሰዓት መንገድ።

«ደገመችኝ» አሉ። «መንገድ ላይ... ሁለቴ ይሁን ሦስቴ።»

«ለምን አልጣሏትም? ለምን አልገደሏትም?»

«አይግደሏት አላልከኝም?»

እጃቸውን ፈቱ። ቁጥር 19። በሕይወት አለች። ብርጭቆ ደፋሁባት።

ሆዳቸው እንደ ጣውላ ደርቋል። እግራቸው ይሸማቀቃል፣ ይተነፍሳሉ፣ ይቆማል፣ ይተነፍሳሉ። ያለኝን የሕመም ማስታገሻ ወጋሁ። ሌላ ምንም የለኝም። ሳምንቱን በወባ ታመው ሰንብተው እንደነበር ዛሬ ነገሩኝ። ለምን አልመጡም? «ሥራ በዝቶብሃል ብዬ» አሉ።

ሷሊህ ሰሊጥ ሊጭን መጥቶ ነበር። ጭነቱን ትቶ ጎንደር እንዲያደርሳቸው ለመንኩት። ሊያነሣቸው ሲገባ ብርጭቆው ውስጥ ያለችውን አየ። ቆመ።

«ይህችን የት አገኛችኋት?»

«ታውቃታለህ?»

«ማን የማያውቃት አለ? እናቴ በልጅነታችን የማሽላ ገለባ በባዶ እጅ አታስነካንም ነበር በሷ ምክንያት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠየቅኸኝ?»

በየሳምንቱ እዚህ ይመጣል። በየሳምንቱ። ሦስት ዓመት ሙሉ። እኔ ግን ጎንደር ልጽፍ ነበር።

አሁን ልንነሣ ነው። አብሬያቸው እሄዳለሁ። ደብተሩን ይዣለሁ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

ጥቅምት 15

አያ አዛናው ዐረፉ። ትናንት፣ አይከል ሳንደርስ፣ ረፋዱ ላይ።

ሌሊቱን ገንዳ ውሃ ፍተሻ ላይ አቆይተውን ነበር። ወረቀት። የማን መኪና፣ የማን ፈቃድ፣ ሽማግሌው ለምን ያቃስታል። ጠዋት ለቀቁን። ከኋላ፣ ጆንያ ላይ አስተኝቼ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። አንድ ጊዜ ሕመሙ ፋታ ሰጣቸው። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ጻፍካት?»

«ማንን፣ አያ?»

«ያቺን። ያመጣሁልህን።»

«ጽፌያታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

ምን ልበላቸው? ደብተሬ ውስጥ ያለው «ዓይን አፋር ናት» ነው። ላባቸውን ጠረግሁላቸው። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።

አይከል ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው። ሷሊህ ሙስሊም ነው፤ ጉድጓዱን ከሁላችን በላይ የቆፈረው እሱ ነው። ከአገራቸው ሰው አንድም አልነበረም። አለቀስኩ። ጎንደር ቢደርሱ ይድኑ ነበር? አላውቅም። ቀፎ ሰጥቻቸው ቢሆን? ይህን ግን አውቃለሁ።

ጥቅምት 17

ተመለስኩ። ደብተሩን ላለመክፈት ወስኜ ነበር።

ጥቅምት 20

ሳሉጎቹ በየዳሱ፣ በየቁጥቋጦው ድር እያቃጠሉ ነው። ሁለት ነዶ አብሮ ተቃጥሎ ጓድ ደሞዝ ጮኸ። ትናንት አንድ ሰው አንገቱን በማጭድ ጫፍ ተተኩሶ መጣ። ትኩሱ ሥር ያለው የባለቀለበቱ ቁስል ነው፣ መስመሩ ግልጽ ነው። ነገርኩት። ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት ሳሉጎቹ ሦስት ሆነው መጡ። «የአያ አዛናውን ወስፌ መልስልን» አሉ። አልሰጥም ብላቸው በጉልበት አይወስዱትም። ብሰጥ ደግሞ ነገ የማን ዓይን ነው? ነገ ኑ አልኳቸው።

የሻረግ ምግብ ይዛልኝ መጣች። ከሄድኩ ወዲህ ክሊኒኩን የጠረገችው እሷ ናት። ዘላዩን ግን አልነካችውም፣ ከበሩ በላይ አለ። እንዲህ አልኳት፦ እውነቱን እኮ ነው የነገርኳቸው፣ ባለቀለበቱ እውነት ነው፣ ያንቺ ዓይን ምስክር ነው።

«ነው» አለች። «ግን የምታውቀውንም የማታውቀውንም በአንድ አፍ ተናገርከው። የቱን እንመን?»

ገንፎው ቀዘቀዘ። አልበላሁም።

ጥቅምት 21

ወደ ዳሱ ሄድኩ። ቁርስ ላይ ናቸው። ወስፌውንም፣ ብርጭቆውንም ከነቁጥር 19 ይዤ። ጓድ ደሞዝን አላስፈቀድኩም።

«አያ አዛናውን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። እንዲህ ልል አልነበረም ያሰብኩት። ወጣ። «ይህችን አላውቃትም ነበር። አለማወቄን እያወቅሁ አትጎዳም አልኳችሁ። ቀፎ እሰጣለሁ ብዬም ቀረሁ።»

ብርጭቆውን አዞርኩት። ጥቁሯን፣ ቀይ ነጠብጣቧን ሁሉም አዩ። ከዚያ ያንን ሌላውን፣ ባለቀለበቱን ወረቀት ላይ አድርጌ አሳየሁ። ይህ ሸረሪት አይደለም፣ የሚያሳብጠው ይህ ነው፣ በሳሙና ታጠቡት፣ እሳት አታስነኩት። ይህን አውቃለሁ። የቀረውን አላውቅም። በየአገራችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ወስፌውን መሬት ላይ አኖርኩ። «ይኸውላችሁ። የእሳቸው ነው፣ የኔ አይደለም።»

አንድ የወሎ ልጅ ተነሣ፤ ያ መጀመሪያ አንገቱን መግል የያዘው። አነሣው። ወደ ምድጃው ይዞት የሚሄድ መስሎኝ ነበር። በጨርቅ ጠቀለለው። «ለልጆቻቸው ነው» አለ። «ጎጃም የሚሄድ አይጠፋም።»

ያመኑኝ አይመስለኝም። ቢያንስ ሰሙኝ። ወጣሁ።

ኅዳር 9

አጨዳው አለቀ። ሳሉጎቹ ነገ ይበተናሉ። ዛሬ ስድስት በሽተኛ፤ አራቱ ወባ፣ አንዱ ማጭድ፣ አንዲት ሴት ጉንጯ ላይ ውኃ ቋጥሮ። በሳሙና ታጥባ ነው የመጣችው። «ሸረሪት ሸናብኝ» አላለችም። «አንድ ነገር ጨፍልቄበት ይሆናል» አለች። በዚህ ወር የተተኮሱት ሦስት ሰዎች ናቸው። አላለቀም። ይሁን።

ስም ማውጣቱን ትቻለሁ። ደብተሩን ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ የማውቀው፣ በቀኝ የማላውቀው። የቀኙ ይበዛል። ለመጣ ሰው ሁሉ «በአገራችሁ ምን ትሏታላችሁ?» እላለሁ። ሷሊህ ሰባቱን ነገረኝ። የሻረግ ሁለቱን። ቁጥር 7ን እናቷ ምን እንደምትላት ለመናገር አፈረች፤ መጻፍ አለብኝ ብዬ አስገደድኳት። ለመምህሬም ጽፌ ላክሁ።

ክብሪት ቀፎ እሰበስባለሁ። መስኮቱ ላይ ሃያ ስድስት ደርሷል። የሚጠይቀኝ ቢኖር ባይኖርም።

የአያ አዛናው አገር ሰዎች ማጭዳቸውንና ወስፌውን ይዘው ሊሰናበቱኝ ጠዋት መጡ። ለባለቤታቸው ምን እንበላት አሉኝ። እውነቱን በሏት አልኩ። ደብዳቤም ሰጠኋቸው። እንዴት እንደሞቱ፣ በማን ጥፋት፣ መቃብራቸው የት እንደሆነ።

አንድ የቀረ ነገር ነበር። አሁን ሞላሁት፣ በግራው በኩል።

ቁጥር 19። ጥቁር፣ ሆዷ ክብ፣ ከበስተኋላዋ ቀይ ነጠብጣብ። ሂላ ሥርና ገለባ ውስጥ ትኖራለች። ትሸሻለች። ከተያዘች ትነክሳለች፣ ደጋግማ ትነክሳለች፤ ሰው ይሞትባታል። በባዶ እጅ አይነኳትም።

ያመጣት፦ አያ አዛናው፣ ከጎጃም። በእጃቸው።